አጥንት ያልቆጠረው ወባ

«አጥንቱ አልጠራም።»

የአባቴ የነፍስ አባት አባ ወልደኢየሱስ ይህን ያሉት አረፍ ብለው እንኳ አይደለም። በአክስቴ በሐረገወይን ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ጭራቸውን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወሩ ነው። የቃና ዘገሊላ ማግስት ነበር። ጎንደር ገና ከጥምቀቱ ዘፈን አልወጣችም፤ ከቀሐ ወንዝ በኩል ከበሮ ይሰማል። እኔ ደግሞ «እሺ» የምትለውን አንዲት ቃል ልሰማ ሹሩባ ተሠርቼ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ከበሩ ኋላ ቆሜያለሁ። ኧረ የኔ ነገር! ያንን ቀሚስ እስካሁን ሳየው እናደዳለሁ።

«አልጠራም ማለት ምን ማለት ነው አባ?» አለች አክስቴ።

«ቁምጥና የለበትም፤ እሱን አጣርተናል። ግን አባቱ እርፍ እንደጨበጠ ወድቆ ሞተ። ታላቅ ወንድሙ ነዶ እንደተሸከመ ወድቆ ሞተ። አባትና ልጅ በአንድ ዓይነት ሞት! ልብ የሚያቆም ደዌ በአጥንታቸው አለ። ቀኛዝማች ‹ልጄ አግብታ በዓመቷ ጥቁር እንድትለብስ አልድርም› ብለዋል። ነገሩ ተቆርጧል።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ከበሩ ኋላ ወጣሁና «አባቴ ይሙት፣ ውሸት ነው!» አልሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ መሐላዬ ሁሉ «አባቴ ይሙት» ነው፤ ለትልቁም ለትንሹም፣ ለወጥ ጨው መብዛትም ሳይቀር እምልበታለሁ። አባ ወልደኢየሱስ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሄዱ።

መቼም በእኛ አገር ልጅ ሲጠየቅ አጥንት እንደሚቆጠር የታወቀ ነው። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ይታያል፤ በዚያው በዘር የሚወርድ ደዌ መኖር አለመኖሩ ይጠየቃል። አንዴ «አልጠራም» ከተባለ ታዲያ የሚቀረው የአንድ ልጅ ሠርግ ብቻ አይደለም፤ እኅቶቹ ሁሉ ጠያቂ ያጣሉ። እኔን ያስጠየቀኝ የክንዱ ታናሽ እኅት ጽጌሬዳ ለየካቲት ቀን ተቆርጦላት ነበር። ወሬው ኮላ ድባ በደረሰ ሳምንት የእጮኛዋ ቤተሰቦች «ይቅርብን» ብለው ላኩ። ልጅቱ ምን አጠፋች? ምንም። የወንድሟ ሽማግሌ የእኛን ደጅ ረገጠ፤ ጥፋቷ ይኸው ነው።

ለካስ ራሴን ሳላስተዋውቅ ወደ ንዴቴ ገባሁ! ሰብለ ወንጌል እባላለሁ። አባቴ ቀኛዝማች አላምረው የወገራ ባላባት ናቸው፤ ቤታችን አምባ ጊዮርጊስ ነው። ጎንደር የወረድሁት በጤና ኮሌጁ ነርስነት ልማር ነው። አባቴ «የባላባት ልጅ የሰው ቁስል ልታጥብ?» ብለው ሲቆጡ አክስቴ ናት እግራቸው ላይ ወድቃ ያስፈቀደችልኝ። ክንዱ ደግሞ የደምብያ ገበሬ ልጅ ነው። በወባው ዓመት፣ በሃምሳ አንድ መባቻ፣ ደምብያ ላይ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ እኛን ተማሪዎቹን በጭነት መኪና አሳፍረው ኪኒን እንድናድል ላኩን። እሱ ዲዲቲ ረጪ ነበር። የመርጫውን ጋን በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። መንገዱን ሙሉ ቃል አልተነፈሰም። መኪናው በነጠረ ቁጥር ግን ዓይን ለዓይን እንጋጫለን፤ እሱ ቶሎ ብሎ ወደ መርጫው ያቀረቅራል። እስቲ ሙቱ፣ መርጫ ምን ይታያል?

ዳገት ስንወጣ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። «ሴቶች ይቅደሙ» ይላል። ወይም «እስቲ ጣናን ልየው» ብሎ ቆም ይላል። እኔ ታዲያ ከኋላ ሆኖ እኔን የሚያይ መስሎኝ፣ ነጠላዬን እያስተካከልሁ፣ ረጋ ብዬ እየተራመድሁ እወጣለሁ። ጓደኞቼ ሣቁብኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ኋላ ተላምደን ስጠይቀው «አዎ፣ አንቺን ሳይ ነው» አለኝ። ይህን ቃሉን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አባ ወልደኢየሱስ መልሱን ካመጡ በኋላ ክንዱን ያገኘሁት በፋሲል መዋኛ አጥር ሥር ነው፤ ትልልቆቹ የዛፍ ሥሮች ድንጋዩን ጨብጠው በያዙበት በኩል። ስሄድ ብዙ ነገር አስቤያለሁ። ይቆጣል፣ ይፎክራል፣ «እንጥፋ» ይለኛል ብዬ ነበር። «እንጥፋ» ቢለኝ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ነጠላ ጫማዬን ለመቀየር እንኳ ቤት አልመለስም ነበር።

እሱ ግን ከተቀመጠበት ሳይነሣ «አባትሽ ልክ ናቸው» አለኝ።

«ምን አልህ?»

«ልክ ናቸው አልሁሽ። እኔም ተራዬ ደርሷል፤ እንደ አባቴና እንደ ወንድሜ እንደ ማሩ እሄዳለሁ። አንቺን ጥቁር አላስለብስም። ሽማግሌ ባልልክ ይሻል ነበር፤ ጽጌሬዳንም አላበላሻት ነበር።»

«ምነው አንተ! ማን ነገረህ ትሞታለህ ብሎ?»

«ዳገቱ ነገረኝ» አለ። ፊቱን አዞረ። «ሰብሌ፣ ጣናን ሳይ አልነበረም። አንቺንም ሳይ አልነበረም። ትንፋሼ አልመጣ ብሎኝ ነው የምቆመው።»

ክው አልሁ። ያ ሁሉ መሽኮርመም፣ ያ ሁሉ ነጠላ ማስተካከል፣ ኋላዬ ሰው አየር አጥሮት እየታገለ ኖሯል! እኔስ የነርስ ተማሪ አይደለሁም እንዴ? ፊቱ መገርጣቱን ቆንጆ ጠይምነት ነው ብዬ ያለፍሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?

«ጫማህን አውልቅ» አልሁት።

«በዚህ ሰው መሐል?»

«አውልቅ ብያለሁ!»

በአውራ ጣቴ ቅልጥሙን ጫን አድርጌ ለቀቅሁት። ጣቴ የገባበት ጉድጓድ ሊጥ ላይ እንደቀረ ምልክት አልሞላም አለ። የዓይኑን ቆብ ገልጬ አየሁት፤ ደም የሚባል ነገር የለበትም።

«ወባ ስንት ጊዜ ታመሃል?»

«እንዴ፣ ይህንንማ ማን ይቆጥረዋል? ደምብያ የተወለደ ሰው ክረምት በወጣ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ይተኛል፣ ይነሣል፣ ሥራውን ይሠራል።»

«አባትህስ?»

«እሱም ያው ነው።»

«ማሩስ?»

«በወባው ዓመት ክፉኛ ታሞ ድኖ ነበር። ከዚያ በዚያው ዓመት ጥር ላይ እህል ሲወቃ ሞተ። እኔ ለርጭት ጎርጎራ ነበርሁ፤ ለቀብሩም አልደረስሁ።»

እጁን ይዤ አስነሣሁት። ሰው አየን አላየን አላልሁም።

ወደ ሆስፒታሉ፣ ዶክተር ቀስ በሉ ዘንድ ወሰድሁት። ስማቸው ሌላ ነው፤ ፈረንጅ ናቸው፣ መጀመሪያ ያወቁት አማርኛ «ቀስ በሉ» ስለሆነ ለበሽተኛውም፣ ለእኛም፣ ለበቅሎም የሚሉት እሱን ነው። ክንዱን አስተኝተው ደረቱን ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ጣፊያውን በጣታቸው ፈለጉ፤ ከጎድን አጥንቱ ሥር አብጦ ወርዷል። ከዚያ ማዳመጫውን እኔ ጆሮ ላይ ሰኩልኝ።

የጤነኛ ልብ ድምፁ ሁለት ነው፤ ተምረነዋል። የክንዱ ሦስት ነበር። እንደ በቅሎ ሶምሶማ ዱብ ዱብ ዱብ እያለ ይጣደፋል፤ የሚደርስበት አገር ያለ ይመስል።

«አጥንት አይደለም» አሉ ዶክተሩ፣ የአባ ወልደኢየሱስን ፍርድ ስነግራቸው። «ወባ ደም ይበላል። ዘንድሮ ይበላል፤ ለከርሞ ይበላል። ደም ሲያንስ ልብ እጥፍ ይሠራል። ሁለት በሬ የሚስበውን አንድ በሬ ሲስብ ምን ይሆናል?»

«ይወድቃል» አለ ክንዱ።

«በለው! መቃብር ከፍቼ አላየሁም፤ አልምልም። ግን አባትህም ወንድምህም ይኸው ይመስለኛል። እዚህ አገር ብዙ አይቻለሁ፤ ወባው ይለቃል፣ ልቡ ግን ሳይድን ይቀራል፣ ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ነዶ ይሸከማል።»

«እሱስ ይድናል?» አልሁ።

«ተኝቶ መድኃኒት ከወሰደ፣ መርጫ ካልተሸከመ፣ ወባ ዳግም ካልያዘው፣ ብዙ ሰው ይድናል። ሁሉም አይድንም። ቀስ በሉ።»

ክንዱ ስለ ራሱ የሚጠይቅ መስሎኝ ጠበቅሁ። እሱ ግን ተነሥቶ ተቀመጠና «እንግዲያ ጽጌሬዳ ምንም የለባትም ማለት ነው?» አለ። «ምንም» አሉ ዶክተሩ። ያን ጊዜ ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ አለቀሰ። እኔ ደግሞ የዚያን ሰው ልቅሶ እያየሁ፣ አባቴን በግድም ቢሆን ላሳምናቸው ቆረጥሁ።

በማግስቱ ከአክስቴ ጋር በእህል መኪና አምባ ጊዮርጊስ ወጣን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አባቴ ለሠርክ ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ በቅሏቸው ተጭና ደጅ ቆማለች። ጉልበታቸውን ስሜ፣ የዶክተሩን ቃል አንድ በአንድ ነገርኋቸው።

ሳልጨርስ ጮኹብኝ። «ወባ ልብ ይገድላል? ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ይለቃል፣ አለቀ! ፈረንጅ የኛን አጥንት ምን ያውቃል? ያንን ቤት አጥንቱ ነው የጨረሰው! አጥንቱ ነው አልሁሽ!»

አባቴ ሲቆጡ አውቃለሁ፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም። ይህ ሌላ ነበር። አፌን እንድዘጋላቸው የሚለምኑኝ ነበር የመሰለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ወደ በቅሎዋ ሲራመዱ የደጁን ምሰሶ ጨበጡ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ሰው ምሰሶውን እንዳቀፈ ዝርግፍ ብሎ ወደቀ።

«ወይኔ ወንድሜን!» አለች አክስቴ።

ሮጬ ኩታቸውን ገልጬ ጆሮዬን ደረታቸው ላይ አደረግሁ። ማዳመጫ አላስፈለገኝም። ዱብ ዱብ ዱብ። ሦስት። ያው ሶምሶማ። ትናንት የሰማሁት የክንዱ ልብ እዚህ ዳገት ላይ፣ ወባ በማይደርስበት አገር፣ በአባቴ ደረት ውስጥ ይጣደፋል! ገምባሌያቸውን ፈታሁ። ቅልጥማቸውን ተጫንሁት፤ የጣቴ ጉድጓድ እንዳለ ቀረ። አፌ ልማዱ ነውና «አባቴ ይ...» ብሎ ጀመረ። ቃሉን ከነምራቄ ዋጥሁት።

እልፍኝ አስገብተን አስተኛናቸው። ዓይናቸውን ሲገልጡ «አባዬ፣ ወባ ታመው ያውቃሉ?» አልኋቸው።

«ወገራ ላይ ወባ የት አለና?»

«ኧረ አያ አላምረው!» አለች አክስቴ። «አምና ከሱባኤ ሲመለሱ ዓይንዎ ብጫ ሆኖ፣ በትር ተደግፈው አልነበረም? ጾሙ ነው ያደከመኝ ብለው...»

አባቴ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ሰው ይውጣልኝ» አሉ። አሽከሮቹ ወጡ። አክስቴ ግን አልወጣችም፤ ጉልበቷን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሱባኤ አልገባሁም» አሉ አባቴ። «ኅዳር ላይ እርቦዬን፣ የእህል ድርሻዬን፣ ልቀበል ደምብያ ወረድሁ። ኮላ ድባ መግቢያ ላይ አንቀጥቅጦ ከበቅሎ ጣለኝ። ሎሌዬ በሽታውን ፈርቶ በቅሎዬን ይዞ ጠፋ። ውሻ እንኳ ያላሸተተኝን ሰው አንዲት ሴት ጎትታ ቤቷ አስገባችኝ። ልጇ በዚያው በሽታ መደብ ላይ ወድቋል፤ ከጎኑ አስተኛችኝ። አንድ ጋቢ ለሁለት ለበስን። በጭልፋ ውኃ ታጠጣን ነበር፤ አንዴ ለሱ፣ አንዴ ለእኔ። ሁለታችንም ተነሣን። ስሰናበታት እዚህ መውደቄን ለማንም እንዳትናገር አስማልኋት። የወገራ ባላባት ቆላ ወርዶ በድሃ ጋቢ ተጠቅልሎ ከረመ ይበሉኝ?»

«ሴትዮዋ ማን ናት?» አልሁ።

«አየለች ይሏታል። የዚያ የክንዱ እናት።»

አክስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እንግዲያ ማሩ በወባ መታመሙን ያውቁ ነበር!»

«ከጎኔ ነበር አልሁሽ እኮ።»

«አባ ወልደኢየሱስ ‹አጥንታቸው ነው› ሲሉስ?»

«ዝም አልሁ።»

«አፍረው?»

«መጀመሪያስ አፍሬ ነው» አሉ። «ኋላ ግን... ማሩ በቁሙ ወድቆ ሞተ ሲሉኝ፣ እኔም ዳገት ላይ መቆም ጀምሬ ነበር። እኔና እሱ በአንድ ጋቢ ሥር ነበርን ልጄ። የገደለው ወባው ከሆነ ቀጣዩ እኔ ነኝ። አጥንቱ ከሆነ ግን የእኔ አጥንት ሌላ ነው። አባ መጥተው ‹አጥንት ነው› ሲሉኝ ደስ አለኝ።»

ደስ አለኝ! እግዚኦ! በዚህ ደስታ የጽጌሬዳ ሠርግ ፈርሷል። በዚህ ደስታ ክንዱ ራሱን ቀብሮ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። በጭልፋ ያጠጣቻቸው ሴት «ደዌ ያለበት ቤት» ተብላ ገበያ ላይ ሰው ይሸሻታል። ልጮህ ፈለግሁ። ጠላኋቸው። እውነቴን ነው፣ ወላጅ አባቴን ጠላኋቸው። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ያ የሚጣደፍ ልብ እንዳይቆምብኝ ፈርቼ እጄን ከደረታቸው ላይ ማንሣት አልቻልሁም።

«ይነሡ» አልሁ። «ጎንደር እንወርዳለን።»

«ለሰው ትናገሪያለሽ?»

«የበሽተኛ ምስጢር አላወጣም፤ እንደዚያ ነው የተማርሁት። ምስጢሩ የእርስዎ ነው። ግን ይወቁት አባዬ፣ እርስዎ ካልተናገሩ አጥንቱን የሚያጠራው ሰው የለም።»

ኩታቸውን ስበው ተነሡ።

ሆስፒታል ስንደርስ የወንዶቹ ክፍል ሞልቷል። ባዶ የነበረችው አንዲት አልጋ ናት፤ የክንዱ ጎን። የት አባቴ ልሂድ? አባቴን እዚያች ላይ አስተኛኋቸው። ክንዱ ማን እንደሆኑ አውቆ ደነገጠ፤ ምን እንደሠሩ ግን አያውቅም። ከመኪናው ብርድ የተነሣ ሲንቀጠቀጡ ሲያይ፣ እሱ ያ «አልድርም» የተባለው ልጅ፣ ጋቢውን ገፎ አለበሳቸው። አባቴ የጋቢውን ጥለት በጣታቸው ዳሰሱት። ለካስ ያው ጋቢ ነው! ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ይህኛው ከብርድ አልነበረም።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አባ ወልደኢየሱስ ከወገራ ሽማግሎች ጋር ሊጠይቋቸው መጡ። ቀኛዝማች ከዲዲቲ ረጪ ጎን መተኛታቸውን ሲያዩ አልወደዱትም፤ ወንበራቸውን ራቅ አድርገው ተቀመጡ። ወዲያው በሩ ተከፈተና እማማ አየለች አገልግል አዝለው፣ ጽጌሬዳን አስከትለው ገቡ። ከኮላ ድባ በእግራቸው ነው የመጡት፤ አቧራው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል።

ልጃቸውን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ አባቴን አዩ። ዓይናቸው ቆመ። አሁን ይናገራሉ አልሁ፤ ቢናገሩም እውነታቸውን ነው፤ እኔ ብሆን ክፍሉን በእሪታ አቀልጠው ነበር።

እማማ አየለች ነጠላቸውን አስተካክለው እጅ ነሡ። «እግዚአብሔር ይማርዎ ጌታው» አሉ። «ከወዴት አገር ነዎ?»

ከወዴት አገር ነዎ! በዚያ ወር ብዙ ነገር አስደንግጦኛል፤ እንደዚህ ያስደነገጠኝ ግን የለም። ሠርጓ የፈረሰባት ልጃቸው ከኋላቸው ቆማለች፤ ወንዱ ልጃቸው ገርጥቶ ተኝቷል፤ እሳቸው ግን ለእንግዳቸው የማሉትን መሐላ ይጠብቃሉ።

አባቴ በክንዳቸው ተደግፈው ቀና አሉ። «እሜቴ አየለች» አሉ።

ሽማግሎቹ ተያዩ። የወገራ ቀኛዝማች የደምብያን ባልቴት «እሜቴ» ሲል ማን ሰምቶ ያውቃል?

«ያውቁኛል። ይንገሯቸው» አሉ አባቴ።

«እንግዳዬን አላወጣም። ምያለሁ።»

«እንግዲያ እኔው ላውጣው።»

አወጡት። ሁሉንም። ከበቅሎ መውደቃቸውን፣ መደቡን፣ ጭልፋውን፣ ጋቢውን። ማሩ ከጎናቸው ሲንቀጠቀጥ ማየታቸውን። «አጥንት ነው» ሲባል ዝም ማለታቸውን፣ ዝም ብቻ አይደለም፣ ደስ መሰኘታቸውን። «ልጁን የገደለው ወባ ነው፤ የእኔንም ልብ ያው እየበላው ነው» አሉ። «የእነዚህ ሰዎች አጥንት ንጹሕ ነው። ያልጠራው የእኔ አፍ ነበር።»

ክንዱ እናቱን ያያል። «እማዬ፣ ታውቂ ኖሯል?» አለ በሹክሹክታ። እማማ አየለች ማሩ ሲባል የጨፈኑትን ዓይናቸውን አልገለጡም። የአባ ወልደኢየሱስ ጭራ መሬት ወድቃለች፤ ያነሣላቸው የለም።

«አባ» አሉ አባቴ፣ «ይነሡና ስለ እኔ እሜቴን ይለምኑልኝ። ልጃቸውን ለልጄ ይስጡኝ።»

«ኧረ ቀኛዝማች! የሴት ወገን ሽማግሌ ልኮ ያውቃል?»

«ዛሬ ይልካል።»

አባ ወልደኢየሱስ ተነሥተው በእማማ አየለች ፊት ቆሙ። ስንት ሠርግ ያስማሙ ሰው ቃል ጠፋባቸው፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ጠረጉ። እማማ አየለች አገልግላቸውን ቀስ ብለው ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

«ሸጋ ነው» አሉ። «ግን እኛም ወግ አለን። አጥንታችሁ ይጣራ።»

ጽጌሬዳ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያ ሣቃቸው አምልጧቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሣቁ፤ ዶክተሩ ከበሩ ላይ «ቀስ በሉ!» ብለው ጮኹ። እማማ አየለች ግን አልሣቁም።

«ቀልድ አይደለም» አሉ። «የልጄን የጽጌሬዳን ሠርግ ያፈረሰው አፍ ሄዶ ያቁመው። ከዚያ መልሴን እሰጣለሁ።»

«በቃሬዛም ቢሆን እሄዳለሁ» አሉ አባቴ።

«እርስዎ አይችሉም» አሉ አባ ወልደኢየሱስ። ጎንበስ ብለው ጭራቸውን ራሳቸው አነሡ። «ቆጣሪው እኔ ነበርሁ። ኮላ ድባ የምወርድ እኔ ነኝ፤ ዛሬውኑ።» ከእማማ አየለች ቀድመው በሩን ሊወጡ ብለው ቆሙና አሳለፏቸው።

ሰዉ ሁሉ ሲወጣ ማዳመጫውን አንሥቼ ወደ ክንዱ ሄድሁ። ሦስት። ወደ አባቴ ዞርሁ። ሦስት። የተለወጠ ነገር የለም፤ እውነት ተናገሩ ተብሎ ልብ ወዲያው አይድንም።

«ምን ይላል?» አሉ አባቴ።

«ይደክማል። ይተኙለት» አልኋቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እጄን ግን አልለቀቁኝም። ያቺን ጥላቻዬን ፈለግኋት፤ ግማሿ አለች፣ ግማሿ የለችም። እስከ መቼ እንደምትቆይ አላውቅም።

ክንዱ ከወዲያኛው አልጋ ጠራኝ። «ሰብሌ፣ ያ የዳገቱ ነገር...»

«ትንፋሽ አጥሮህ ነው። ሰምቻለሁ።»

«ትንፋሼ ሲመለስ ለምን ቶሎ የማልራመድ ይመስልሻል?»

ሣቅሁም፣ አለቀስሁም፤ የቱ እንደቀደመ እንጃ። «ትድናለህ» አልሁት። እንዲያምነኝ ልምል ፈለግሁ። «አባቴ ይሙት» ልል አልሁ፤ አልቻልሁም፤ እጃቸው እጄ ውስጥ ነው። «ክንዱ ይሙት» ልል አልሁ፤ እሱንም አልቻልሁም። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ሞት ስምል የኖርሁ ሴት፣ በሁለቱ አልጋ መካከል ቆሜ የምምልበት ሰው አጣሁ።